ላልቶ ምግብ፣ ጠብቆ ድካም

እና ደግሞ ይሄ ድምፅ ከየት እንደሚመጣላት ራሷም አታውቅም፣ ዲሳ ምንጣፉ ላይ ተንበርክካ የእንጨት ማንኪያውን ከፍ አድርጋ ማ—ት ትላለች፣ ማ—ት ሲክስተን፣ እማዬ ማ—ት አመጣችልህ፣ አንገትጌዋ ላይ የተሰካችው ማይክ ሁሉንም እየለቀመች ነው፣ ከመስታወቱ ወዲያ ተመራማሪዋ ጉንቦር ማዳመጫዋን ጆሮዋ ላይ ደፍታ ፈገግ ትላለች፣ ለምን ፈገግ አትልም፣ ባለፈው ወር ከጥናቱ ሃያ አራት እናቶች እንዳንቺ አድርጋ ልጇን የምታናግር የለችም ብላታለች። አንደኛ ነሽ። አንደኛ።

ማት። በስዊድንኛ አ ተስባ ት ስትላላ ምግብ፣ አ አጥራ ት ስትጠብቅ ግን ዝሏል፣ አቅም የለውም ማለት ነው፣ ስዊድን ውስጥ የተወለደ ልጅ ሁሉ ይህን ልዩነት በጆሮው መያዝ አለበት፣ እናቶች ሕፃን ሲያናግሩ የቱን ምን ያህል እንደሚስቡ፣ የቱን ምን ያህል እንደሚያጠብቁ መለካት ነው የጉንቦር ሥራ፣ ሠላሳ ዓመት። ልጁ የሚይዘው ከእናቱ አፍ ነው ብላታለች። ከሌላ ከየት ያመጣዋል።

ከየት ያመጣዋል፣ ቤት ውስጥ የሚሰማው የፍሪጁን ጉርምርምታ ብቻ ከሆነ።

ማ—ት ትላለች ደግማ፣ ሲክስተን ግን አፏን አያይም፣ ስድስት ወሩ ነው፣ ትራሶቹን ተደግፎ ተቀምጦ አንገቱን አዙሮ በሩን ያያል። ማን ገባ ብሎ ነው። እናቱ እንዲህ አትናገርማ፣ እናቱ ዳይፐር የምትቀይር ዝም ያለች ሴት ናት፣ ይሄን ድምፅ አያውቀውም፣ እንግዳ መጥቷል ብሎ እየፈለገ ነው። ጉንቦር አይታው ይሆን፣ አላየችም፣ ስክሪኑን ነው የምታየው።

የልጁ አባት ሃልቫር እሁድ ወደ ማዕድን ማውጫው ሄደ፣ ሁለት ሳምንት እዚያ ሁለት ሳምንት እዚህ፣ ከእሁድ ወዲህ እስከ ዛሬ ሐሙስ ድረስ ለልጁ ስንት ቃል ተናገረች፣ ትቆጥራለች፣ ሰኞ አንድ ጊዜ ቆይ ብላዋለች፣ ማክሰኞ ምንም፣ ትናንት ምንም። ታጥበዋለች፣ ታበላዋለች፣ በረዶው ላይ ጋሪውን እየገፋች ወንዙ ዳር ታዞረዋለች፣ ኡሜኦ ከተማ ውስጥ እንደሷ ልጁን አልብሶ የሚያወጣ የለም፣ አፏ ነው እንጂ እምቢ ያለው። ወልዳ በማግስቱ ነው የጀመረው፣ አዋላጇ አናግሪው እንጂ አለቻት፣ የኔ ቆንጆ አለች፣ ድምጿ ጎረቤት እንደተከፈተ ሬዲዮ ተሰማት፣ ከዚያ ወዲያ አፈረች። አፈረችና ተወችው።

ጤና ጣቢያ ነርሷ የመጠይቅ ወረቀት ሰጥታታለች፣ ትስቂያለሽ ወይ፣ ያስለቅስሻል ወይ፣ ሁሉም ላይ እንደ ወትሮው የሚለውን ምልክት አደረገችበት፣ ቀጥ ባለ ጽሕፈት። ምን ልትል ኖሯል። ልጄን አላናግረውም ብትል የሚመጡት ሰዎች አሉ፣ ፋይል የያዙ፣ ጫማቸውን በር ላይ አውልቀው በካልሲ የሚገቡ፣ ቀስ ብለው የሚያወሩ፣ ልጅ የሚወስዱ። ስለዚህ እዚህ ትመጣለች፣ ይህን ድምፅ ታወጣለች፣ ማስረጃ ይቀመጥላታል። ተሳታፊዋ በፈቃደኝነት። ፊርማ፣ ቀን።

በሩ ይከፈታል፣ ጉንቦር ነች፣ ባለ ሱፍ ካልሲ፣ ወንበር ስባ ትቀመጣለች፣ ግሩም ነበር ዲሳ፣ አሁን ሁለተኛው ክፍል፣ ለእኔ አውሪኝ፣ እንደ ትልቅ ሰው፣ ለማነጻጸር ነው፣ ስለ ትናንት ንገሪኝ፣ ምን በላችሁ፣ ምን አወራችሁ።

ትናንት፣ ትላለች ዲሳ፣ ድምጿ ወለሉ ላይ ይወድቃል። ትናንት ካሮት ሰጠሁት።

እሺ፣ ስትሰጪውስ ምን አልሽው?

ምንም።

ማለቴ የምግቡን ስም ጠርተሽለት ከሆነ፣ ቃሉ ቅጂው ውስጥ እንዲገባልኝ ነው።

ምንም አላልኩትም ጉንቦር፣ ትናንትም ከትናንት ወዲያም ምንም አላልኩትም፣ እዚህ ብቻ ነው የማናግረው። ማት ነኝ፣ ትላለች፣ ት ጠብቃ፣ ምላሷ ጥርሷ ላይ ተጣብቆ የማይላቀቅ ይመስላታል፣ ጉንቦር አንድ ቀን ስክሪኑ ላይ አሳይታታለች፣ ት ስትጠብቅ መስመሩ ዝርግ ነው፣ ድምፅ የለም፣ እኛ የምንለካው ዝምታውን ነው ብላ ስቃ ነበር፣ አሁን አትስቅም፣ እጇን ዘርግታ ማይኳን ታጠፋለች።

ለምን አጠፋሽው?

ይሄ ለጥናቱ አይደለም። አልፈረምሽበትም።

ያኛውንም ከጥናቱ አውጪው፣ እስከ ዛሬ የቀዳሽኝን ሦስቱንም ቅጂ፣ ውሸት ነው።

ስለ ቅጂው ሌላ ቀን እናወራለን። ከመቼ ጀምሮ ነው?

ከተወለደ። ይወስዱታል?

ማንን?

ልጁን።

ጉንቦር ወንበሯን ወደ ዲሳ ታስጠጋለች። አይመስለኝም ትላለች፣ ግን የእኔ ሙያ አይደለም፣ የማላውቀውን አልነግርሽም፣ የዩኒቨርሲቲው ሕክምና ክፍል ውስጥ አንዲት ሐኪም አውቃለሁ፣ እንደዚህ የሆኑ እናቶችን ነው የምታየው፣ አሁን እደውልላታለሁ፣ አንቺ እዚሁ ተቀመጪ። ከዚያ አንገቷ ላይ የቀረውን ማዳመጫ እያጣጠፈች፣ ለራሷ ይመስላል፣ በሺህ የተከፈለ ሰከንድ እቆጥራለሁ እኔ፣ ጆሮ አለኝ ብዬ፣ አንደኛ አልኩሽ።

ጉንቦር እንዳታለቅስ ብላ ዲሳ ታስባለች፣ እሷ ካለቀሰች እኔ ምን ልሆን ነው፣ አታለቅስም፣ ትደውላለች፣ ስሟን ትናገራለች፣ አዎ አስቸኳይ ነው ትላለች፣ አይ አጠገቤ ናት፣ ሰኞ ይዘገያል፣ ነገ ሦስት ሰዓት፣ እሺ። ነገ። አርብ። ቀን አለው ማለት ነው፣ ሰዓት አለው። አባትየውም ይምጣ ብላለች ትላለች ጉንቦር፣ ደውይለት።

ሃልቫር በሦስተኛው ጥሪ ያነሳዋል፣ ከኋላው የከባድ መኪና ድምፅ፣ ሁሌ እንደሚለው ሁሉም ደህና ነው? ይላል፣ አዎ ማለት እንዴት ይቀላል፣ አፏ ላይ ደርሷል፣ አዎ፣ ሲክስተን ጭኗ ላይ ነው፣ የሹራቧን ቁልፍ ያኝካል፣ አይደለም ትላለች። ደህና አይደለሁም ሃልቫር። ልጁ ደህና ነው፣ እኔ ነኝ።

መኪናው ይርቃል። በር ይዘጋል።

የት ነሽ?

ዩኒቨርሲቲው።

ማን አለ ካንቺ ጋር?

ጉንቦር። ያቺ ድምፅ የምትቀዳን።

ስጫት።

ትሰጣታለች። ጉንቦር ስልኩን ይዛ ወደ መስኮቱ ትሄዳለች፣ ትሰማለች፣ ራሷን ትነቀንቃለች፣ አዎ ትላለች፣ አልተጎዳችም፣ ነገ ጠዋት፣ አይ፣ ቅዳሜ አይደለም፣ ዛሬ ማታ ባቡር ካለ ዛሬ፣ አዎ፣ እስክትደርስ አብሬያት እሆናለሁ፣ ዲሳ ይሄን ትሰማለች፣ እስክትደርስ፣ ሊመጣ ነው፣ ሊመጣ ነው እንዴ፣ ትከሻዋ ከጆሮዋ ሥር ቀስ እያለ ይወርዳል፣ ለካ ስድስት ወር ሙሉ እዚያ ሰቅላው ኖሯል፣ የልጁ አናት አገጯ ሥር ነው፣ ይሞቃል፣ ወተት ወተት ይሸታል፣ መናገር የለባትም አሁን፣ ማንም ተናገሪ አላላትም፣ ትተነፍሳለች።