የትናንቱ ምስር

ይድነቃቸው የፍሪጁን በር ከፍቶ ምን እንደሚበላ ሲያስብ ስልኩ ጮኸ። ሚስቱ ወለተጊዮርጊስ ነበረች።

«ይድኔ፣ ቅዳሴ አልቆ ከራጉኤል እየወረድን ነው። ዝናቡ አበስብሶናል። እነለተሥላሴን ቤት ገብታችሁ ትንሽ አረፍ በሉ ብያቸዋለሁ።»

«እነ ስትይ ስንት ናችሁ?»

«ከኔ ጋር ሦስት። አንተ ዳቦ ብቻ ገዝተህ ጠብቀን፣ ሌላውን ስደርስ እሠራለሁ።»

የፍልሰታ ጾም ስለነበር ሴቶቹ ከጠዋት ጀምሮ እህል አልቀመሱም። ይድነቃቸው ጃንጥላውን ይዞ ወጣ።

ሠላሳ አንድ ዓመት የአውቶቡስ መካኒክ ነበር። የሞተር ድምፅ ሰምቶ በሽታውን ይናገራል። በገዛ ቤቱ ኩሽና ግን አንድ ሽንኩርት ከትፎ አያውቅም። ሊያግዝ ሲገባ ወለተጊዮርጊስ «ውጣልኝ፣ ታደናቅፈኛለህ» ትለዋለች፤ እሱም ደስ እያለው ይወጣል። ባለፈው ሰኔ ጡረታ ከወጣ ወዲህ ግን ሥራው መጠበቅ ብቻ ሆነ። ቁርስ ይጠብቃል፣ ምሳ ይጠብቃል፣ ዜና ይጠብቃል። ሚስቱ ወንበሩ ላይ ተቀምጦ ስታየው ዓይኗ ውስጥ አዘኔታ የሚመስል ነገር ማየት ጀምሯል። ይኼ ከሁሉም በላይ ያበሳጨዋል።

የፈረንሳይ ለጋሲዮንን ዳገት ወርዶ ዘሀራ ሱቅ ደረሰ። ዘሀራ ከስልጤ መጥታ ሱቁን ከከፈተች አሥር ዓመቷ ነው።

«ዳቦ የለም ጋሽ ይድነቃቸው። ከጠዋት ጀምሮ መብራት ጠፍቷል፣ ዳቦ ቤቱ አልጋገረም።»

«ጉድ ፈላ! የተራቡ እንግዶች እየመጡብኝ ነው።»

«ቤት ውስጥ የተረፈ ምን አለ?»

«የትናንት ምስር ወጥ። የተቀቀለ ድንች፣ ሰባት ስምንት ይሆናል። እንጀራው ሁለት ብቻ ነው። ደግሞ እንደ ድንጋይ የደረቀ ዳቦ አለ።»

«ታዲያ ምን ያስጨንቅዎታል?» ሳቀች። «ድንቹን ይደፍጥጡት፣ ከምስሩ ጋር ይሹት፣ ሽንኩርትና ቃሪያ ከትፈው ይጨምሩበት። ዳቦውን አድቅቀው፣ ሊጡን እያድቦለቦሉ በደቀቀው ዳቦ ላይ እያንከባለሉ ዘይት ላይ ጣል ነው። እኛ ቤት ልጆቹ የተረፈ አንበላም ሲሉ እንዲህ ነው የምሸውዳቸው።»

«እኔ ልሥራው?»

«አውቶቡስ ፈታትቶ የሚገጥም ሰው ድንች ያቅተዋል?»

ቤቱ ተመልሶ ቡታጋዙን ለኮሰ። ሽንኩርቱ አስለቀሰው። ድንቹን በሹካ ደፍጥጦ ምስሩን ገለበጠበት፤ አንዱን ድቡልቡል አድርጎ ዘይት ውስጥ ሲጥለው ወዲያው ተበታተነ። ሁለተኛውም እንደዚያው። ዘይቱ ገንፎ መሰለ።

ይድነቃቸው እሳቱን አጠፋና እጁን ወገቡ ላይ አድርጎ ቆመ። ጋራዥ ውስጥ አዳዲሶቹን ልጆች «ሁሉን ነገር አትነካኩ፤ ጥፋቱ የቱ ጋ እንደሆነ አንድ በአንድ እዩ» ይላቸው ነበር። ሊጡን በጣቱ ነካው፤ ረጥቧል። ከደቀቀው ዳቦ ግማሹን ጨምሮ እስኪጠነክር አሸው። በሌላ ድስት አዲስ ዘይት ጣደ። ፍርፋሪ ጣል አድርጎ ዘይቱ ቸስ እስኪል ጠበቀ፤ ከዚያ ሦስተኛውን ጣለ።

አልተበተነም። ቀስ ብሎ ገለበጠው፤ የታችኛው ጎኑ ወርቅ መስሏል። ብቻውን ጮክ ብሎ ሳቀ።

የመጨረሻዎቹን ሲያወጣ የግቢው በር ተከፈተ። ወለተጊዮርጊስ የራሰ ነጠላዋን እየጨመቀች በረንዳው ላይ ቆመች።

«ይድኔ፣ ማን መጣ?»

«ማንም አልመጣም።»

«ታዲያ ማነው የሚጠብሰው?»

በትልቅ ሳህን የተደረደረውን ይዞ ሳሎን ገባ። ገብተው አረፍ ያሉት ለተሥላሴና ሌላዋ የማኅበር እህታቸው ብድግ አሉ።

«በሞቴ፣ እርስዎ ነዎት የሠሩት?» አለች ለተሥላሴ። «ምን ይባላል?»

«ገና ስም አላወጣንለትም።»

ወለተጊዮርጊስ አንዱን አነሳች፤ ነክሳ ማኘክ ጀመረች። ይድነቃቸው የታደሰ ሞተር መጀመሪያ ሲነሳ እንደሚያደርገው ትንፋሹን ዋጠ።

«ይኼማ የትናንቱ ምስር ነው!» አለች።

ፊቱ ቀላ።

«የትናንቱ እንዲህ ከሆነ» አለች ለተሥላሴ ሁለተኛውን እያነሳች፣ «ነገም እንመጣለን።»

ቤቱ በሳቅ ተሞላ። ወለተጊዮርጊስም ዓይኗ እንባ እስኪያቀርር ሳቀች። «ጨው ትንሽ አንሶታል» አለች፤ እጇ ግን ወደ ሳህኑ ተመልሶ ነበር። ሁለቱን እንጀራ ለአራት ተካፈሉ። ሳህኑ ላይ ፍርፋሪ እንኳ አልቀረም።

ከዚያ ወለተጊዮርጊስ ኩሽናዋን ልታይ ተነሳች። ይድነቃቸው ተከትሏት በሩ ላይ ቆመ። ዘይቱ ግድግዳው ላይ ተረጭቷል፣ ወለሉ የዳቦ ፍርፋሪ ለብሷል፣ የምትሳሳለት ድስቷ ጠቁሯል። መጥረጊያውን አነሳች። ወለሉን አየች፤ ባሏን አየች፤ ግንባሩ ላይ የደረቀውን ድንችም አየች።

መጥረጊያውን ጥግ አስደግፋ ወደ ሳሎን ተመለሰች። በእሱ ወንበር ላይ ተቀምጣ እግሯን ዘረጋች።

«ይድኔ» አለችው፣ «ሻይ ጣድልን።»

«ስኳሩ የት ነው ያለው?»

«ፈልገው።»