ፍሬን የያዘችው እናቴ

እኔ የመኪና መንዳት አስተማሪ ነኝ፤ ትዕግሥት ግን አልፈጠረብኝም። በእኔ መኪና ውስጥ ሲጠየቅ ጮክ ብሎ የማይመልስ ተማሪ ሞተር አያስነሳም። መጨረሻ ላይ ደግሞ «ቲቸር» ማለት ግዴታ ነው። መንገደኛው ሁሉ ይሰማል። ይስማ፣ ምን ቸገረኝ!

ከተማሪዎቼ ሁሉ ያኮራችኝ እናቴ ናት። አባቴ ካረፈ በኋላ «አድርሱኝ፣ መልሱኝ እያልኩ የሰው ፊት አላይም» ብላ በስተርጅና መሪ ጨበጠች። ፈተናውን በአንዴ አለፈች። መንጃ ፈቃዷን ባወጣች በሳምንቱ የማስተማሪያ መኪናዬን እየነዳች፣ እኔ ጎኗ ተቀምጬ፣ ልጅ ያዘለች ሴት ልታሳልፍ እግረኛ ማቋረጫ ላይ ቆመች። ከኋላችን ጓ! አለ። የመኪናዬ ኋላ እንዳለ ተጨማደደ። ሴትዮዋም በድንጋጤ ሮጣ ጠፋች።

የገጨን ሰውዬ ወርዶ «ለእኚህ አሮጊት መሪ የሰጠ ማነው?» ብሎ ጮኸ። ዞር ብዬ ባየው፣ ጉድ በል! የራሴ ተማሪ የነበረ የቤት ደላላ። እኔን ሲያይ ክው አለ፤ አፉን ግን አልሰበሰበም። እናቴ ቁልፉን ነቅላ ሰጠችኝና ከኋላ ወንበር ገባች።

ከዚያ ወዲህ መሪ አልነካችም። ጥፋቱ ያንቺ አይደለም ብዬ ምላሴ እስኪደርቅ ነገርኳት። «አንቺማ ልጄ ነሽ፣ ሌላ ምን ልትይኝ ኖሯል?» ትለኛለች። ወይ ጣጣ! መኪናውንስ ለፍቼም ቢሆን አሠራዋለሁ፤ የእናቴን ልብ የሚጠግን ጋራዥ ከየት ላምጣ? የማያውቃት ባዕድ ሰው «ልክ ነዎት» እንዲላት ፈለግኩ። ስለዚህ ደላላውን ከሰስኩት።

ችሎቱ ትንንሽ የካሳ ክርክር የሚታይበት ጠባብ ክፍል ነው። ጠበቃ የለም፣ ሁሉም ለራሱ ይናገራል። ደላላው ከረባቱን አጥብቆ ቆመ።

«ክብርት ዳኛ፣ ማቋረጫው ላይ ዝንብ እንኳ አልነበረም። ሴትዮዋ እንዲሁ ደንግጠው ነው ፍሬን የያዙት» አለ።

እናቴ አንገቷን ደፋች። ይህን ሳይ ደሜ ፈላ፤ ችሎት ውስጥ መሆኔም ጠፋኝ።

«ቀና በል!» ብዬ ጮህኩበት። «ከፊትህ ያለውን መኪና እንዴት ነው የምትከተለው?»

ደላላው እንደ ወታደር ቀጥ አለ። «መቆም የምችልበትን ርቀት ጠብቄ፣ ቲቸር!»

«ያን ቀንስ ጠብቀሃል?»

«አልጠበቅኩም፣ ቲቸር!»

«ዓይንህ የት ነበር?»

«ስልኬ ላይ፣ ቲቸር!»

«ከገጨኸን በኋላ ቀና ስትል ማቋረጫው ላይ ማንን አየህ?»

«ልጅ ያዘለች ሴት፣ ቲ…»

አፉን በእጁ ከደነ። ምን ዋጋ አለው! ቤቱ በሳቅ አውካካ። ዳኛዋ ጠረጴዛውን መቱና «እዚህ የምጠይቀው እኔ ነኝ!» ብለው ገሠጹኝ፤ ሳቃቸውን ሲውጡት ግን አይቻለሁ። ከዚያ ወደ ደላላው ዞሩ። «አሁን ያሉት እውነት ነው?»

«እውነት ነው፣ ክብርት ዳኛ። ቅድም ዋሽቼ ነው» አለ ላቡ እየወረደ።

የመኪናዬን ማሠሪያ እንዲከፍል ፈረዱበት። ተነሥቼ እጅ ልነሳ ስል ዳኛዋ እናቴን ጠሯት።

«እናቴ፣ በትክክል ነው ያቆሙት። እርስዎ ባያቆሙ ያቺ ሴትና ልጇ ዛሬ በሕይወት ባልኖሩ።»

«እስቲ አንዴ ይድገሙልኝ» አለች እናቴ።

ዳኛዋ ቃል ሳያጎድሉ ደገሙላት። እናቴ ፊቷን በመዳፏ ሸፍና አለቀሰች፤ ወዲያው ደግሞ ሳቀች።

ውጭ ደላላው እየተሽኮረመመ ቀረበን። «ማዘር፣ ይቅር ይበሉኝ። በጣም አፍሬያለሁ። ቢያንስ ቤት ላድርሳችሁ» ብሎ መኪናውን አሳየን።

እናቴ ከላይ እስከ ታች አየችው። «ይቅር ብዬሃለሁ። ቁልፉን ወዲህ በል!»

«እንዴ ማዘር?»

«አንተ ከኋላ ግባ።»

ዓይኑን እያቁለጨለጨ ወደ እኔ ቢያይ ሰማይ ሰማዩን አየሁ። ገባ እንጂ ምን ያደርጋል! እናቴ ወንበሩን ወደ ፊት ሳበች፣ መስታወቱን አስተካከለች፣ ሞተሩን አስነሣች። የቤታችን መታጠፊያ ጋ ስንደርስ ቀጥ ብላ አለፈችው።

«እማዬ፣ አለፍሽው እኮ!»

«አውቃለሁ» አለች። «ሳልነዳ ስንት ጊዜዬ! ዛሬማ ከተማውን ሳልዞር አልገባም።»

ከኋላ ደላላው ቀጠሮ አለኝ፣ ደንበኛ ይጠብቀኛል ይላል። ማን ይስማው! እኔ በደስታ እንባዬ ዱብ ዱብ ይላል፤ እናቴ መሪዋን ይዛ ታንጎራጉራለች።