መለብለብ ያቆመው ዘይት

እማማ ሚዛን ምራታቸውን በክፉ ዓይን ማየት የጀመሩት የጥቁር አዝሙዱ ዘይት ጉሮሯቸውን መለብለብ ያቆመ ዕለት ነው። ለሌላ ሰው ነገሩ ቀላል ሊመስል ይችላል፤ ለእሳቸው ግን የቤታቸው ምሰሶ ተነቃነቀ።

ሚዛን የሚለውን ስም ያወጡላቸው ደንበኞቻቸው ናቸው። ሴትዮዋ ዘይቱን ጨምቀው ጠርሙስ ከመክደናቸው በፊት አንድ ጠብታ ምላሳቸው ላይ ያኖራሉ፤ ዓይናቸውን ጨፍነው ይጠብቃሉ፤ ጉሮሯቸውን ለብልቦ ካላሳላቸው ያ ዘይት ከደጃፋቸው አይወጣም። በቃ! ፀጉሬ ተነቃቀለ ያለችው፣ የልጇን ደረት የምታሸው፣ ጉልበቱን የሚቀባው፣ ከማር ጋር በማንኪያ የሚወስደው፣ ሁሉም የሚመጣው ያንን ምላስ አምኖ ነው። ባላቸው ከሞቱ ወዲህ አንድ ልጃቸውን ያሳደጉትም በዚያው ምላስ ነው።

ያ ልጅ አድጎ ሾፌር ሆነና ሚስት አገባ። ምራቲቱ ዝምተኛ፣ እጇ ሥራ የማይፈታ ልጅ ናት። አማት ዘሩን በብረት ድስት ለስለስ ባለ እሳት ያሞቃሉ፤ ምራት መጭመቂያውን አዙራ በጨርቅ ታጠላለች፤ መጨረሻ ላይ አማት ይቀምሳሉ። እንዲህ ደህና ከርመው ሳሉ እማማ ሚዛንን አንድ ክፉ ጉንፋን አልጋ ላይ ጣላቸው። የተወቀጠ ጥቁር አዝሙድ በጨርቅ ተቋጥሮላቸው እያሸተቱ፣ ደረታቸውን በገዛ ዘይታቸው እየታሹ ተነሡ። ተነሥተው የመጀመሪያውን ጭማቂ ቢቀምሱት፣ ወይ ጉድ! ውሃ ነው።

«ምን ጨመርሽበት?» አሉ።

«ኧረ ምንም፣ እማማ።»

የመለሰችበት ፍጥነት አልተዋጠላቸውም። ከዚያ ወዲያ ቤት ውስጥ ያለው ዕቃ ሁሉ የሚመሰክርባት መሰላቸው። በር ጀርባ ባዶ የሱፍ ዘይት ጀሪካን ተገኘ፤ «ለመጥበሻ የገዛነው ነው» አለች። ማን ሊያምናት! ጓሮ ተጥላ የነበረችው አሮጌዋ ትንሽ መጭመቂያ ድንገት ጠፋች፤ ሽጣታለች አሉ በልባቸው። ማለዳ ማለዳ ደግሞ ቦርሳ አንጠልጥላ ትወጣለች። ጎረቤታቸው ፀጉር ሠሪዋ፣ ለደንበኞቿ ጭንቅላት ማሻ ዘይቱን የምትወስደው፣ ከምራቲቱ ጋር ስትንሾካሾክ ትቆይና እሳቸው ብቅ ሲሉ ስለ አየሩ ታነሣለች። ስለ አየሩ! ሴትዮዋ ትናንት የተወለዱ ይመስል!

አይ ጥርጣሬ! እህል አላስበላ አላቸው፤ ከሰው ተራ አወጣቸው።

«እማዬ፣ ተይ እንጂ፤ እሷ እንዲህ አታደርግም» አለ ልጃቸው።

«አንተ ምን ታውቃለህ? ውሎህ መንገድ ላይ። ዘይቴን በሱፍ እያቀጠነች ስሜን አፈር ልታስግጠው ነው! እጅ ከፍንጅ የያዝኳት ቀን ከዚህ ቤት ትወጣለች፤ እምቢ ካልክ እኔ እወጣለሁ።»

ልጁ መሬት መሬት እያየ የመኪናውን ቁልፍ አንሥቶ ወጣ። እሳቸውም እሺ ማለቱ ነው ብለው ወሰዱት።

ከዚያ ወጥመድ ዘረጉ። ባይለበልባቸውም እጅ ከፍንጅ እስኪይዟት ብለው ሞልተው መደርደሪያ ላይ ባኖሯቸው ጠርሙሶች ሥር በምስማር ጫር ጫር አደረጉ። በማግስቱ ጠዋት ልጃቸው ከሥራ ቀርቷል፤ እማማ ሚዛንም የዕለቱን ዘር እሳት ላይ ጥደው ያማስላሉ። ምራቲቱ ቦርሳዋን ይዛ ስትወጣ በሩ ላይ ቆሙባት።

«ክፈቺው።»

ከፈተች። ጭረት ያለባቸው ጠርሙሶች ቦርሳዋ ውስጥ ናቸው። መደርደሪያው ላይ ያሉትን ገለበጧቸው፤ አንዱም ጭረት የለበትም።

«አየህ? አየህ ልጄ? የኔን አውጥታ የሷን ጉድ ትተካለች! በይ ጨርቅሽን ሰብስቢ!»

ባሏ «ተናገሪ እንጂ!» ቢላት ወደ ጓዳ ገባች፤ ልብሷን መሰብሰብ ጀመረች። ጩኸቱን ሰምታ ፀጉር ሠሪዋ በሩጫ ደረሰች።

«እንኳን መጣሽ!» አሏት እማማ ሚዛን፣ ወደ ምድጃው ተመልሰው እየቆሙ። «ይኸውልሽ ምራቴ የተካችው። ቅመሽውና የሱፍ ዘይት መሆኑን በአፍሽ መስክሪ!»

ፀጉር ሠሪዋ በጣቷ ጫፍ ቀመሰች። ወዲያው ሳሏ መጣ፤ ዓይኗ በእንባ ተሞላ።

«ኧረ ለበለበኝ! ይሄማ አንደኛ ነው፣ እማማ!»

«ውሸታም! አንቺም አብረሻት ነሽ!» እሳቸውም ቀመሱ። ውሃ። ቢጠብቁ፣ ቢጠብቁ፣ ውሃ።

«እማዬ» አለ ልጃቸው አፍንጫውን በእጁ እየሸፈነ፣ «ምንድን ነው እንዲህ የሚያርረው?»

«የታለ የሚያርረው?»

ምራቲቱ ልብሷን ጥላ ከጓዳ ወጣች፤ በክንዳቸው ሥር ገብታ ድስቱን ከእሳት አወረደችው። እጇ የለመደ ነው፤ ድስቱን ስታነሣ ቀና ብላም አላየቻቸውም። ፀጉር ሠሪዋ ሽታውን መቋቋም አቅቷት ወደ በሩ አፈገፈገች። ድስቱ ላይ አፍጥጠው የቆሙት እማማ ሚዛን ብቻ ምንም አልሸተታቸውም።

ጥቁር አዝሙድ ሲያርር በዓይን አይታወቅም፤ ጥቁር ነገር ምን ይጠቁራል? የሚታወቀው በአፍንጫ ነው። ይህንን ምራታቸውን ያስተማሯት ራሳቸው ናቸው። ከጉንፋኑ የተረፈችውን ቋጠሮ ከኪሳቸው አወጡና በእጃቸው ፈትገው እስከ ሳንባቸው ድረስ ሳቡ። ምንም። እንደገና ሳቡ። ቋጠሮዋን መልሰው ቋጠሯት።

«አፍንጫዬም ምላሴም የከዱኝ ከጉንፋኑ ወዲህ ነው?» አሉ በመጨረሻ።

«አዎ፣ እማማ። ያረረውን እያወጣሁ፣ በትንሿ መጭመቂያ እዚህች ጎረቤታችን ጓዳ አዲስ እጨምቅ ነበር።»

«ስሰድብሽ፣ ሳባርርሽ ዝም? ለምን አልነገርሽኝም?»

«ምላስዎ እኮ ነው ሁሉ ነገርዎ። እኔ ማን ሆኜ ልንጠቅዎት?»

ሰው ፊት አፍረው አያውቁም ነበር፤ ያን ጠዋት በሦስት ሰው ፊት አፈሩ። ይቅርታ ግን አላሉም። ምራታቸው የተካችውን ጠርሙስ አነሡና ወደሷ ዞሩ።

«አፍሽን ክፈቺ።»

ከፈተች። አንድ ጠብታ ምላሷ ላይ አኖሩላት። እንደ ድሮው ዓይናቸውን አልጨፈኑም፤ ዓይኗን ዓይኗን አዩዋት። ያ የለመደባቸው ጥርጣሬ አሁንም አልለቀቃቸውም፤ ነገ ብትዋሸኝስ? ከእንግዲህ በምን አውቃለሁ? ምራቲቱን አሳላት፤ ዓይኗ እንባ አቀረረ።

«ለበለበሽ?»

«ለበለበኝ፣ እማማ።»

ሌላ ሰው እንዲቀምስ አልጠሩም። ጠርሙሱን ከደኑት።