የእትዬ ሳሙና ልጅ

«ብይ እንጂ፣ ትንሽ ቅመሺ» አለች አክስቷ፣ ዳቦውን እያስጠጋችላት። ልጅቷ ግን ዓይኗን ከበሩ ላይ አልነቀለችም። እናቷ ከተቀበረች ዛሬ ሦስተኛ ቀኗ ነው፤ ስታስታምማት የነበረችው ነርስ ለቅሶ እንደምትደርስ ጠዋት ደውላ ተናግራለች። ከዚያ ወዲህ እህል አልቀመሰችም።

ለቀስተኛው የሟቿን ወሬ ያነሳል።

«እኔን የገዛ እህቷን እንኳ፣ ‹በጣቶችሽ መሀልስ አሽተሻል?› ሳትል አታበላኝም ነበር» አለች አክስቷ።

ሟቿ ሠላሳ ዓመት የትምህርት ቤት ምግብ አብሳይ ነበረች። ልጆቹ «እትዬ ሳሙና» ብለው ያወጡላት ስም ቤተሰቡም ዘንድ መጠሪያዋ ሆኖ ቀረ። አንዴ ዳይሬክተሩን ከነከረባቱ ከገበታ አስነስታ እጁን እንዲታጠብ ወደ ቧንቧው ሰዳዋለች። ይሉኝታ የሚባል ነገር አልፈጠረባትም፤ እሱ ሁሉ ተጠራቅሞ ለልጇ ተርፏል። ልጅቷ «በተዘጋ አፍ ዝንብ አይገባም» የሚለውን ተረት ትወደው ነበር።

እናቷ የአንጀት ኦፐሬሽን ከተደረገላት በኋላ ጽኑ ሕሙማን ክፍል ተኛች። ምግቡም መድኃኒቱም የሚገባው በአንገቷ በኩል ወደ ትልቁ ደም ሥር በተዘረጋ ቀጭን ቱቦ ነበር። አፏ ውስጥ የመተንፈሻ ቱቦ ስላለ መናገር አትችልም፤ ሰው በመጣ ቁጥር ግን መዳፎቿን እያፋተገች ትጠይቃለች። ሐኪሞቹም እየሳቁ ይታጠባሉ።

ያን ማክሰኞ ነርሷ ከጎን ካለው አልጋ እየሮጠች መጥታ በቀጥታ የአንገቷን ቱቦ ክዳን ያዘች። እናቷ መዳፏን ልታነሳ ሞከረች፤ አቅም አነሳት። ልጇን አየቻት። «በያት» የሚል ዓይን ነው፣ ልጅቷ ከሕፃንነቷ ጀምሮ ታውቀዋለች። አፏን ከፈተች። ነርሷ ከጠዋት ጀምሮ ቁጭ አላለችም፣ ደግሞም ደግ ሰው ናት፤ እንዴት ተደርጎ እጅሽን ታጠቢ ይባላል? አፏን መልሳ ዘጋች።

በሁለተኛው ቀን እናቷን አልጋው እስኪንቀጠቀጥ ድረስ ብርድ አንዘፈዘፋት።

«ጀርም በቱቦው በኩል ደማቸው ውስጥ ገብቷል» አለ ሐኪሙ። «መቼና በማን እጅ እንደገባ ግን ማወቅ አይቻልም።»

እሱ አይቻልም ይበል እንጂ፣ ልጅቷ ያን ማክሰኞ ከልቧ ማውጣት አልቻለችም። እኔ ነኝ የገደልኳት ትላለች ለራሷ። ለሌላ ሰው ግን ትንፍሽ አላለችም።

በሩ ተከፈተና ነርሷ ገባች። ዓይኗ አብጧል። ለቀስተኛውን አንድ በአንድ ጨብጣ ልጅቷ ጋ ስትደርስ፣ የወንድሟ ሚስት የታቀፈችው ጨቅላ ማልቀስ ጀመረ።

«እስቲ ስጪኝ፣ ላባብለው» ብላ ነርሷ እጇን ዘረጋች።

ልጅቷን ቤት ሙሉ ሰው የሚያያት መሰላት።

«ሲስተር» አለች። «መጀመሪያ እጅሽን ታጠቢ።»

«ኧረ ነውር ነው፣ እንግዳ አይደለችም እንዴ?» አለች አክስቷ በሹክሹክታ።

ነርሷ የዘረጋችውን እጅ ሰበሰበች። ልጅቷ ጓዳ ወዳለው ቧንቧ ወሰደቻትና ውሃውን ከፈተችላት። ነርሷ ሳሙናውን እያገላበጠች ብዙ ቆየች።

«ያን ማክሰኞ መዳፋቸውን ማንሳት ሲያቅታቸው አይቻለሁ» አለች በመጨረሻ፣ ቀና ሳትል። «አይቼ ነው ያለፍኩት።»

«እኔም አይቻለሁ» አለች ልጅቷ። «ልልሽ ነበር፤ አፈርኩ።»

ነርሷ ቧንቧውን ልትዘጋ ስትል ልጅቷ ከለከለቻት።

«በጣቶችሽ መሀልም» አለቻት፤ የራሷንም እጅ ከውሃው ሥር አስገብታ ማሸት ጀመረች።