የታጠነው ጋን

ልጄ ጽጌሬዳ ከጣና የመጡ ሦስት ትንንሽ ዓሣዎች በመስተዋት ሳጥን ታሳድግ ነበር። መምህሯ ከጎርጎራ አምጥቶ የሰጣት ናቸው። የወባ ትንኝ ዕጭ ስለሚበሉ፣ እስከ ፋሲካ ካቆየቻቸው በወላጆች በዓል ቆማ ለሰው ሁሉ እንድታሳይ ተነግሯት ነበር።

በመጋቢት መጨረሻ ከመምህሯና ከክፍሏ ልጆች ጋር ለአራት ቀን ወደ ቆላ ድባ ስትሄድ ወረቀት ጻፈችልኝ። በዕድሜዬ ለእኔ ተብሎ የተጻፈ የመጀመሪያው ወረቀት ነው። ፊደል መማር ከጀመርሁ ገና ስድስት ወሬ ቢሆንም ለማንም አላሳየሁም፤ በጣቴ እየተከተልሁ ብቻዬን አነበብሁት።

«እማዬ፣ የሙቀት መለኪያው ቀይ መስመር ከሃያ ስድስት እንዳያልፍ። ካለፈ ሳጥኑን እርጥብ ጨርቅ አልብሺው፤ በሩንም ክፈቺ። ቀስ እያለ ይወርዳል። ዓሣዎቹን ከሳጥኑ አታውጫቸው።»

ሁለት ቀን በሰላም አለፈ። በሦስተኛው ቀን ፀሐዩ የቤታችንን ቆርቆሮ አጋለው። ቀትር ላይ መስመሩ ሃያ ስምንት ደረሰ። ዓሣዎቹ ወደ ላይ ወጥተው አፋቸውን ይከፍታሉ፣ ይዘጋሉ። ነጠላዬን ነክሬ ሳጥኑን ጠቀለልሁት።

ጎረቤቴ እንኳየሁ ገባች።

«ምነው እናኑ፣ በጾም ዓሣ ላይ አፍጥጠሽ ትውያለሽ?»

«አትቀልጂ፤ ሊሞቱብኝ ነው።»

«የዓሣ ሙቀቱ ድስት ውስጥ አይደል እንዴ?» ብላ ሳቀች። ፊቴን ስታይ ግን ተወች። «ወረቀቱ ምን ይላል?»

«ጨርቅ አልብሺ ይላል። አልብሻለሁ።»

«እንግዲያ ጠብቂያ!»

እሷ ከሄደች በኋላ መስመሩ ወደ ሃያ ሰባት ወርዶ ነበር። አይቻለሁ። ግን አልጠበቅሁም። ውሃ ማቀዝቀዝ ከእኔ በላይ ማን ያውቃል አልሁ። ለፋሲካ ጠላ ብዬ አጥቤ በወይራ ያጠንሁት ትንሽ ጋን ነበረኝ፤ ከቤቴ ዕቃ ሁሉ ንጹሑና ቀዝቃዛው እሱ ነው። ማለዳ የቀዳሁትን ውሃ ሞላሁበት፤ ዓሣዎቹን በጭልፋ እያወጣሁ ከተትኋቸው። ለክብር እንግዳ የማደርገውን ነበር ያደረግሁት። ደስ ብሎኝ ከደንሁት።

ወደ ማታ ስከፍተው ሦስቱም ነጭ ሆዳቸውን ወደ ላይ አድርገው ተንሳፍፈዋል።

ጽጌሬዳ በማግሥቱ መጣች። ጎንበስ ብላ ጋኑን አሸተተች።

«አጥነሽው ነበር?»

«ንጹሕ እንዲሆን ብዬ…»

«ወረቀቱን ማንበብ ከበደሽ እንዴ፣ እማዬ?»

ድምፅዋ ለስላሳ ነበር። አዎ ብላት እዚያው ይቅር ትለኝ ነበር። ነገር ግን ስድስት ወር የለፋሁበት ነው፤ መዋሸት አቃተኝ።

«አንብቤዋለሁ።»

«ሁሉንም?»

«ሁሉንም።»

ሳጥኑን አጥባ ደፋችው። በወላጆች በዓል ከእኔ ጎን ተቀምጣ የሌሎቹን ልጆች ሥራ አየች።

በግንቦት መምህሯ ሁለት ሌሎች ዓሣዎች ሰጣት። ለአክስቷ ልጅ ሠርግ ወደ አምባ ጊዮርጊስ ስትሄድ ሳጥኑን አቅፋ ወደ እንኳየሁ ቤት ተሻገረች። እንኳየሁ ፊደል አልቆጠረችም። ልጄ አጠገቧ ቆማ በቃል ስታስረዳት ከቤቴ ደጃፍ ሆኜ ሰማሁ። ጨርቁን፣ በሩን፣ ቀስ እያለ እንደሚወርድ፣ አንድም ሳይቀር ነገረቻት። እያንዳንዱን ቃል ከእሷ ቀድሜ እለው ነበር።