ምልክታችን ማንኪያ ነው

የፓርቲው ስም ከአባላቱ ይበዛል። ስሙ ዘጠኝ ቃል ነው፤ አባላቱ ሰባት፤ ከሰባቱም አንዱ ስልክ አያነሣም። ስሙ ባነሩ ላይ አልበቃ ብሎ ግማሹ ታጥፎ በጀርባ በኩል ተሰፍቷል። ከፊት ለፊት የሚያይ ሰው ፓርቲው «የሕዝቦች የእኩልነት የፍትሕ የዕድገትና የ» የሚባል ይመስለዋል። የምን እንደሆነ ለማወቅ ዞሮ ማየት አለበት። ዞሮ ያየ የለም።

የፓርቲው ዕጩ ፀጉር ሠሪ ናት። ጽሕፈት ቤቱም የእሷው ፀጉር ቤት ነው። ስብሰባ ሲኖር ሊቀመንበሩ ፀጉር ማድረቂያው ካስክ ሥር ይቀመጣሉ፤ ሌላ ደህና ወንበር የለማ። ጡረታ የወጡ የጂኦግራፊ አስተማሪ ናቸው። ስለ አገር ዕጣ ፈንታ ሲናገሩ ስሜታቸው ሲግል ብድግ ይላሉ፤ ብድግ ሲሉ ራሳቸው ከካስኩ ጋር ይጋጫል፤ ያሻሹትና ይቀጥላሉ።

እውነቱን ለመናገር ሴትዮዋ ፖለቲካ ውስጥ የገባችው ለአገር ብላ አይደለም። ለቦይ ብላ ነው። ከቤቷ ደጃፍ የጎርፍ መውረጃ ቦይ አለ። መሻገሪያው ሁለት ጣውላ ነበር፤ አንደኛው የበሰበሰ። እናቷ ጣውላውን አምና ረግጣ ወደቀችና ዳሌዋን ተሰበረች። ዳሌዋስ ዳነ። ልቧ ግን እንደፈራ ቀረ፤ ከዚያ ወዲህ ያን ቦይ ተሻግራ አታውቅም። ማዶ ያለው ሁሉ፣ ገበያው፣ ሐኪሙ፣ የገዛ እህቷ ቤት፣ ውጭ አገር ሆነባት። ሁለቱ እህትማማቾች በቦዩ ወዲህና ወዲያ ወንበር አውጥተው እየጮኹ ያወራሉ። ምሥጢር የሆነ እንደሆነ መንደሩ ሥራውን ትቶ ያዳምጣል።

ልጅቷ ያላንኳኳችው ቢሮ የለም። «ነገ ነይ» ሲሏት ሄደች፤ «በጀት ተይዞለታል» ሲሏት ተመለሰች። አንድ ቀን የአንዲት ደንበኛዋን ፀጉር በቢጎዲን እየጠቀለለች ይህን ሁሉ ስትራገም፣ ሚስታቸውን ሊወስዱ የመጡት ሊቀመንበር በር ላይ ቆመው ሰሟት።

«ልጄ፣ ይሄን ምሬት ምክር ቤት ገብተሽ ብትናገሪው!»

«ድልድይ ይሠራልኛል?»

«ለመላው ክልላችን ይሠራል!»

«ለክልሉ ይደርሳል፣ ጋሼ። ከእኔ በር ይጀመር።»

በዚህች ቃል ዕጩ ሆነች።

አሁን የምልክቱ ነገር። ፓርቲው የመረጠው ምልክት ችቦ ነበር። ሊቀመንበሩ በገዛ እጃቸው ሣሉት፤ ረጅም እጀታ፣ ከላዩ እሳት። ችግሩ፣ ሰውየው ዕድሜያቸውን ሙሉ ሐይቅ ሲሥሉ የኖሩ ናቸውና እሳቱም ሐይቅ ሆነ፤ ሞላላ፣ ጠርዙ ለስላሳ። ወረቀቱን ወደ ምርጫ ቢሮ ይዛ የሮጠችው እሷ ነች። የቢሮው ሰው አገላብጦ አየና «ማንኪያ ነው?» አለ።

እሷ ደንበኛ ካስክ ውስጥ ትታ ነው የመጣችው። ልቧ እዚያ ነው። ቀና ብላም አላየችው። «አዎ፣ አዎ፣ ምታልኝ ማኅተሙን! ሰው እየተቃጠለብኝ ነው!»

መታላት።

የምልክቶቹ ዝርዝር ታትሞ ሲወጣ ሥልጣን ላይ ያለው ትልቁ ፓርቲ ፀሐይ ይዟል፤ እነሱ ማንኪያ። ከማንኪያው ሥር «ብርሃን ለሁሉም» የሚል መፈክራቸው ተጽፏል። ሊቀመንበሩ አዩና ለመጀመሪያ ጊዜ ተቀምጠው ቀሩ።

ማንኪያ በሌላ ዘመን ምንም አይልም ነበር። ግን ባለሥልጣን በላ ሲባል ምን እንደበላ ሕፃን ልጅ እንኳ በሚያውቅበት አገር ማንኪያ ይዞ ድምፅ መለመን! ቲማቲም የምትሸጠዋ ሴት በራሪ ወረቀቷን ተቀብላ ገልበጥ አደረገችና፣

«እንዴ እቴ፣ ገና ሳትመረጡ ማንኪያችሁን ይዛችሁ መጣችሁ?» አለቻት። «ሌሎቹ እንኳ እስኪሾሙ ይታገሣሉ።»

ባለ ሱቁ ደግሞ ከውስጥ፣ «ሳህኑን እኛ እናቅርብ?»

ጽሕፈት ቤቱ ውስጥ ምክክር ተደረገ። የፓርቲው ጸሐፊ ሰዓት ሠሪ ነው፤ በሰዓቱ ደርሶ ግን አያውቅም። ሐሳቡም እንደዚያው ዘግይቶ መጣ። «ማማሰያ ነው እንበላ!»

«ደግ አድርገህ!» አሉት ሊቀመንበሩ። «ነገር አማሳዮች እንዲሉን!»

በዚህ መሀል የሠፈሩ አዳራሽ ውስጥ የዕጩዎች ክርክር ደረሰ። ሊቀመንበሩ ንግግር ጻፉላት። ከምድር ወገብ ይጀምራል፤ ወደ ሠፈሩ የሚደርሰው ሦስተኛው ገጽ ላይ ነው። የትልቁ ፓርቲ ዕጩ መሐንዲስ ነው፤ ከራስ እስከ እግሩ የተተኮሰ፣ ፈገግታው ሳይቀር። ማይክራፎኑን ይዞ እንዲህ አለ፦

«እህታችን ማንኪያ ይዛ መጥታለች። እኔ ፖለቲካ አልጠይቃትም። አንድ ነገር ብቻ ትንገረን፤ ልትበላ ያሰበችው ምንድን ነው?»

አዳራሹ በሣቅ ፈረሰ። ባነር የያዘው ሰዓት ሠሪ እንኳ አፉን በባነሩ ከለለ።

ተነሣች። ወረቀቱን አየችው፤ ምድር ወገብ። ወረቀቱን አጣጥፋ ጋውኗ ኪስ ከተተችው።

«ወንድሜ፣ አልደብቅህም። እበላለሁ» አለች። «ግን በማንኪያ ነው። እናንተ በአካፋ ዝቃችሁ ስትጨርሱ አይደል እንዴ እናቴ ጣውላ ላይ የወደቀችው? በጀት ተይዞለታል የተባለው ድልድይ የት ሄደ? በማንኪያ ቢበላ ኖሮ ቢያንስ አንድ ጣውላ ይተርፍ ነበር።»

ከዚያ አዳራሹ እንደገና ፈረሰ፤ አሁን ግን ወደ መሐንዲሱ በኩል።

አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም ይባላል። ራስ ሲመለጥስ ታውቃለች፣ ሥራዋ ነው። አፏን ግን ካመለጣት በኋላ ነው የሰማችው። ሊቀመንበሩ ውጭ ጠበቋት።

«ምን አደረግሽን አንቺ ልጅ! በአደባባይ እንበላለን አልሽ!»

«በማንኪያ ነው ያልኩት፣ ጋሼ።»

«ጉዳዩ የመጠን አይደለም! የመርሕ ጉዳይ ነው!»

በማግስቱ እሷን ከፓርቲው ለማባረር አስቸኳይ ስብሰባ ተጠራ። የተጠራውም እሷው ፀጉር ቤት ነው። በሩን የከፈተችላቸው እሷ ነች፤ መብራት ያበራችላቸው እሷ ነች። ሰዓት ሠሪው ዘግይቶ ገባና «እሺ፣ እናባርራት። ካባረርናት በኋላ ግን የት ነው የምንቀመጠው?» ብሎ ጠየቀ። ነገሩ ለሌላ ጊዜ ተላለፈ።

ከተማው ግን ወሬውን ይዞት ሄዷል። የመሐንዲሱ መኪና ባለፈ ቁጥር ሴቶቹ በየበሩ ማንኪያ ከብርጭቆ ያጋጫሉ፤ ቂል፣ ቂል፣ ቂል። ሰውየው መስኮቱን ዘግቶ ማለፍ ጀመረ። ቲማቲም ሻጯ ሳትቀር «ድምፄ ላንቺ ነው፣ አፍሽን ይባርክ» አለቻት። ፀጉር ሠሪዋ ለመጀመሪያ ጊዜ ብመረጥስ ብላ ደነገጠች። ምክር ቤት ምን ተለብሶ እንደሚገባ እንኳ አታውቅም።

ከዚያ አንድ ጠዋት ደጃፏ ላይ ሲሚንቶ ተራገፈ። ብረት መጣ፤ አሸዋ መጣ፤ የቀን ሠራተኞች አካፋ ይዘው ወረዱ። መንደርተኛው አካፋውን ሲያይ በሣቅ ሞተ። «ኧረ እኛን ተዉን፣ እኛ በልተንም አናውቅ» አለ አንዱ ሠራተኛ፣ እሱም እየሣቀ። ምርጫው ሳይደርስ ድልድዩ ደረሰ። የእጅ መደገፊያ አለው፤ መደገፊያው በፀሐይ ቢጫ ተቀብቷል።

መሐንዲሱ ሪባን ቆረጠ። ከዚያ ብልጥ ሰው ነውና በቀጥታ ወደ እናቷ ሄደ፤ «እማማ፣ ክንድዎን» ብሎ ይዟት ተሻገረ። ፎቶ ተነሣ። እናቷ ማዶ ስትደርስ እህቷ አንገት ላይ ተጠምጥማ እንደ ሕፃን አለቀሰች። ፀጉር ሠሪዋ ይህን ሁሉ በመስኮት አየች፤ እጇ የሰው ራስ ላይ ነው፣ አረፋ በአረፋ። ዓይኔን ሳሙና ነካኝ ብላ ዞር አለች።

ሊቀመንበሩ እየሮጡ ገቡ። «ድል! የፓርቲያችን ታሪካዊ ድል!»

«ቀለሙን አይተውታል፣ ጋሼ?»

የምርጫው ዕለት እናቷ አዲስ ነጠላዋን ለብሳ፣ ምርጫ ጣቢያው ማዶ ነውና፣ በድልድዩ ላይ ቀጥ ብላ ሄደች፤ መጣች። ልጅቷ ጫማዋን እንኳ እስክታወልቅ አልታገሠቻትም።

«ማንን መረጥሽ፣ እማዬ?»

«ድምፅ ምሥጢር ነው አሉን።»

«ለእኔ ለልጅሽም?»

እናቷ አልጋው ላይ ተቀመጠች። «ዓይኔ ነሽ። ግን ሰውየው እኮ ድልድይ ሠራልኝ። ክንዴን ይዞ አሻገረኝ። ውለታ አለብኝ።»

«እኔ ስለተናገርኩ እኮ ነው የሠሩት!»

«ይሁና። ድልድዩ ላይ አልተጻፈም» አለች እናቷ። ቀስ ብላ ደግሞ፣ «ብትመረጪስ ማን ራሴን ያጥብልኛል?»

ብዙ ሰው እንደ እናቷ ነው ያሰበው። ቲማቲም ሻጯም ቢሆን ጋሪዋን በድልድዩ እየገፋች ስታልፍ ፀጉር ቤቱን ላለማየት ሌላ ሌላ አየች። መሐንዲሱ በሰፊው አሸነፈ። ሊቀመንበሩ ውጤቱን ደጋግመው ካነበቡ በኋላ «ካለፈው ምርጫ በእጥፍ አድገናል» ብለው መግለጫ ሰጡ። የምኑ እጥፍ እንደሆነ አልገለጹም።

ያን ቀን ፀጉር ቤቱን በጊዜ ዘጋችና እናቷን ጮኻ ልታኮርፋት ወደ ቤት ገባች። እናቷ የለችም። አልጋው የተነጠፈ፣ ከዘራው የለ። ከወደቀችበት ቀን ወዲህ ቤቱ ባዶ ሆኖ ሲጠብቃት የመጀመሪያው ነው። ሮጣ ወጣች። ማዶ፣ የአክስቷ ደጃፍ ላይ፣ ሁለቱ አሮጊቶች ጉልበት ለጉልበት ገጥመው ተቀምጠዋል።

«እማዬ! አትመጪም እንዴ? መሸ እኮ!»

እናቷ በእጇ ጠራቻት።

«አንቺ ነይ! ምን ያስጮኽሻል፣ ድልድይ አለ እኮ!» አለቻት፤ ልጇ ድልድይ መሠራቱን ያልሰማች ይመስል።