አሥራ አንዱ ባለ አጭር ቀንድ ንቦች

ዝናቡ ቀረ። አበባው ሳይፈካ ጠወለገ። መሬቱ ተሰነጠቀና በሙዚየሙ ዙሪያ እፍኝ ጭቃ ጠፋ። ያለ ጭቃ ደግሞ ግንበኛዋ ንብ ቤት አትሠራም። የንብ ዝርያ እየለየ የሚመዘግበው የሙዚየሙ ንብ ለዪ ሦስት ወር ሙሉ እየወጣ ባዶ መረብ ይዞ ተመለሰ፤ በመጨረሻ መረቡን ሰቀለው።

እጁን አጣጥፎ መቀመጥ አይሆንለትምና የድሮ መሳቢያዎችን ማጽዳት ጀመረ። በሦስተኛው ቀን አሥራ አንድ ንቦች በመርፌ የተሰኩበትን ሳጥን አገኘ፤ በየመርፌው ከንቡ ሥር የለዪው፣ የእሱ የራሱ፣ ስም ያለበት ወረቀት ተሰክቷል። ገና ሲያየው አወቀው።

ግንበኛዋ ንብ ቀፎም ንግሥትም የላትም፤ ለብቻዋ ትኖራለች። ሴቷ ከአፏ በላይ ሁለት ትንንሽ ቀንዶች አሏት፤ ጭቃውን የምትጠቀጥቀው በነሱ ነው። ሥራውን ያስተማሩት እትዬ ከሃያ ዓመት በፊት እነዚህን አሥራ አንዱን አምጥተው፣ «ቀንዳቸው አጭርና ዶልዷማ ነው፤ ሌላ ዝርያ ናቸው» አሉ። የያኔው አለቃ ንብ ለዪውን ጠየቀው። እሱም ቀንዱን አየና፣ «አርጅተው ነው፤ ጭቃ ሲጠቀጥቁ ቀንዳቸው አልቋል» አለ። ከባልደረቦቹ አንዱ፣ «ወይ እሳቸው ሞርደውት ይሆናል» ብሎ ቀለደ። ሁሉም ሳቀ፤ እሱ ዝም አለ። «ሞራጇ» የሚለው ስም ተጣበቀባቸው። ዓመት ሳይሞላቸው ሥራውን ለቀቁ።

አሁን አጉሊ መነጽሩን የንቦቹ ክንፍ ላይ ደቀነ። ንብ ዕድሜዋን የምትናገረው በክንፏ ነው፤ ስታረጅ ጠርዙ ይተለተላል። የነዚህ ግን ሙሉ ነበር፤ የአሥራ አንዱም። ክንፉ ሳያረጅ ቀንዱ እንዴት ያልቃል? ያኔ ስለ ቀንድ ተጠይቆ ቀንድ ብቻ አይቶ ነበር የመለሰው።

እሱ ተሳስቶ እትዬ ልክ እንደነበሩ ጽፎ ለአዲሷ አለቃ ሰጣት።

«ጋሼ፣ ይሄ ከወጣ እርስዎ የለዩት ሁሉ እንደገና ይመርመር ይባላል።»

«ይመርመር።»

«የአርባ ዓመት ስም ነው።»

«የእሳቸውም ስም ነበር።»

በማግስቱ ሳጥኑን ታቅፎ እትዬ ቤት ሄደ። በሩን ራሳቸው ከፈቱ። አንድ ዓይናቸው ደክሟል።

«ምን ትገተራለህ? በሩን ልትገዛው ነው?»

ገባ። ሳጥኑን ጠረጴዛው ላይ አድርጎ አጉሊ መነጽሩን አቀበላቸው።

«እትዬ፣ ክንፉን ይዩልኝ።»

ሳጥኑን እንኳ አላዩም። «ክንፉንማ ያኔውኑ አይቼዋለሁ።»

«ታዲያ ምነው አልነገሩኝም?»

«ክንፍ ማየት ያስተማርኩህ እኔ አይደለሁ? ዛሬ ያያል፣ ነገ ያያል ብዬ ጠበቅሁ።»

አንገቱን ደፋ። «ሞራጇ ሲሉዎትም ዝም ብያለሁ።»

«እሱ ነው የጎዳኝ። በንቡስ ሰው ይሳሳታል።» አጉሊ መነጽሩን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡና፣ «የቆየ ከሚስቱ ይወልዳል ይላሉ። የኔው እርግዝና ግን ረዘመ» አሉ።

አልሳቀም። ከኪሱ አሥራ አንድ ትንንሽ ወረቀቶች አወጣ። በእያንዳንዱ ላይ፣ ከቀኑ ሥር፣ ዝርያውን የለዩት እሳቸው መሆናቸው በሙሉ ስማቸው ተጽፏል። የራሱን ስም የያዙትን አሮጌዎቹን ወረቀቶች በፊታቸው አንድ በአንድ ከየመርፌው አወጣ።

እትዬ መነጽራቸውን አድርገው የመጀመሪያውን ወረቀት ሁለት ጊዜ አነበቡት።

«መርፌውን ስጠኝ» አሉ።

«እኔ ልስካልዎት፤ እጅዎ ይንቀጠቀጣል።»

«ይንቀጥቀጥ።»

እሱ ሳጥኑን በሁለት እጁ ደግፎ ያዘላቸው። አሥራ አንዱንም ወረቀት ራሳቸው ሰኩ።